በትሕትና አሳስባለሁ

የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ታስጠጋና «አክስቴ፣ ይሄን አንብቢማ፤ ሰው እንዴት እንደሚናገር እዪ!» ትለኛለች። አነባለሁ። አንዱ መንግሥትን ይሳደባል፣ ሌላው ተሳዳቢውን ይሳደባል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሰድቦ የፀጉር ቅባት ይሸጣል። ስም የለ፣ ፊት የለ፤ በፊት ፋንታ የአበባና የድመት ሥዕል ነው። «ምን ያድርግ? መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር ሰው አይሰማም» ትላለች። ጥፋቱን ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ሰጥታ እፎይ ያለች ልጅ ናት። እኔም በሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ይሄን ባለችኝ ቁጥር ግን ልቤ ተነስቶ ወደ ጋራዡ ይሄዳል።

ያ ግቢ ይናፍቀኛል፤ ምን እደብቃለሁ። የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ነበር፣ እኔ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ። ማለዳ ስገባ አውቶቡሶቹ ተደርድረው ሞተራቸውን ሲያሞቁ የቢሮዬ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ አንደኛው መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያዘ ስለነበር ዛሬስ ወደቀ እያልኩ ስምንት ዓመት ተቀመጥኩ። ሹፌሮቹ ሻያቸውን ቆመው እየጠጡ ይሰዳደባሉ፣ ትኬት ቆራጮቹ ቦርሳቸውን አንግተው ይሳሳቃሉ። የናፍጣው ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ በሳሙና አልለቅ ሲል እናቴ «ጸሐፊ ትሆናለች ብዬ አስተምሬ መካኒክ ሆነችልኝ» ትል ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ ናፍጣ ከሸተተኝ እግሬ አልሄድ ይላል፤ የእህቴ ልጅ «ምን ሆንሽ?» ትለኛለች፣ እኔ «ጉልበቴን ነው» እላታለሁ።

የግቢው ድምፅ ግን ሞተሩ ብቻ አልነበረም። ክላክስ የምንለው መካኒክ ነበር። ትልቅ ሰው ስለሆነ እኛ ወጣቶቹ «ጋሽ ክላክስ» እንለዋለን። ከአውቶቡስ ሥር ተጋድሞ፣ ጫማው ብቻ እየታየ፣ ስለ አገሩ ሁኔታ ንግግር ያደርጋል። ድምፁ ደግሞ በሩ ድረስ ይሰማል። «ፍሬኑ የሞተ አውቶቡስ ሕዝብ ጭኖ ይውጣ ብለን እንፈርማለን፤ ጋዜጣው 'አገልግሎቱ ተሻሻለ' ይላል! ወይ ጋዜጠኛው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ወይ እኛ ሌላ ከተማ ነን!» ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ዙሪያውን አይቶ ሳቁን ይውጣል። ስብሰባ ላይ «ሌላ አስተያየት ያለው?» ሲባል ሁላችንም ጫማችንን እናያለን፣ እሱ ይነሳል። ሽማግሌዎቹ ሹፌሮች «ተው፤ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ሲሉት መላጣውን ዳሰስ አድርጎ «የኔስ ሁለቱም ታውቋል» ይላቸዋል። አለቆቹ እስከዚያ ድረስ ያልነኩት፣ የካምቢዮን ብልሽት በጆሮው ብቻ የሚለይ ሌላ መካኒክ ስላልነበራቸው ነው።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ሠራተኛው ሐሳቡን በነፃነት እንዲገልጽ በየድርጅቱ የአስተያየት ሳጥን ይቀመጥ የሚል ነው። አናጺያችን ሠራው፤ ከአውቶቡሶቹ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ከዘበኛው ክፍል አጠገብ ሰቀለው። ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ክላክስ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና «አፉስ ይኸው፤ ጆሮው የታለ?» አለ።

በመጀመሪያው ወር አራት ወረቀት ተገኘ። እንዳለ ይዤ ለአስተዳደር ኃላፊው ሰጠሁ። ኃላፊው አንዱን ወረቀት ትኩር ብለው አዩ፤ መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ የትኬት ክፍሉን የተረኛ መዝገብ አወጡና ጎን ለጎን አስቀመጡት። «የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁት» አሉ፣ እንቆቅልሽ እንደፈታ ሰው ደስ ብሏቸው። ወረቀቱ ላይ የነበረው «ለትኬት ቆራጭ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ይሠራልን» የሚል ብቻ ነው። በሳምንቱ ያቺ ሴት ከተማው ጫፍ ወዳለው ጣቢያ ተዛወረች። ስትሰናበተኝ አቅፋ ሳመችኝ። ወረቀቷን በገዛ እጄ ተሸክሜ ለኃላፊው የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

በሁለተኛው ወር ብልሃት አመጣሁ። «ጌታዬ፣ የሰዉ እጅ ጽሑፍ አይነበብም፤ ዓይንዎን ከሚያደክሙ በጽሕፈት መኪና ገልብጬ ላቅርብልዎ?» አልኳቸው። «ጎበዝ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹን ገልብጬ ዋናውን ለሻይ ክበቡ ምድጃ እሰጣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። አንድም ሰው አልተያዘም። በልቤ እንዴት እኮራ እንደነበር!

ችግሩ እጅ ጽሑፉን ብቻ ደብቄ አለማቆሜ ነው። ቃሉም ያስፈራኝ ጀመር። አንዱ «እናንተ ሌቦች» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ «በአሠራሩ ላይ ግልጽነት ይጎድላል» እለዋለሁ። ዘበኛው «ጣሪያው እላዬ ላይ ያፈሳል፤ አለቃ ቤት ግን አያፈስም» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ «የጥበቃ ክፍሉ ጣሪያ ቢጠገን መልካም ነው ብዬ በትሕትና አሳስባለሁ» አደርገዋለሁ። ቃሏን ወደድኳት። የተናደደውንም፣ የተማረረውንም፣ «ምርጫ ብላችሁ እጅ ታስወጡናላችሁ፤ ያላወጣውን ትመዘግባላችሁ» ያለውንም ሁሉ እያጠብኩ፣ እየተኮስኩ፣ መጨረሻው ላይ «በትሕትና አሳስባለሁ» እያልኩ አሰለፍኳቸው። ሰዎቹን ያዳንኩ መስሎኝ።

ከዚያ አንድ አውቶቡስ ፍሬን እምቢ ብሎት ግንብ ገጨ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። የዚያን ወር ሳጥኑን ስከፍት አሥራ ሰባት ወረቀት ነበረ። ያንን ያህል አይቼ አላውቅም። ሁሉንም አሳምሬ ገልብጬ አቀረብኩ።

ሥራ አስኪያጁ እኔንና የአስተዳደር ኃላፊውን አስጠሩን። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። «ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ጽሑፍ ነው» አሉ። «እዩት። ሁሉም አንድ ዓይነት አጀማመር፣ አንድ ዓይነት አጨራረስ፤ 'በትሕትና አሳስባለሁ፣ በትሕትና አሳስባለሁ'። አንድ ሰው አሥራ ሰባት መስሎ ሠራተኛው ሁሉ ያመፀ ሊያስመስል ነው።»

ኃላፊው «ክላክስ ነዋ! ሌላ ማን አለ?» አሉ።

«ክላክስ እንዲህ ለስላሳ ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሊያሾፍብን ነዋ፣ ጌታዬ!»

አፌን ልከፍት ነበር። «ቃሉ የኔ ነው» ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፤ «የነሱስ ቃል ምን ነበር? የማን እጅ ነበር?» ነው። የማን እጅ እንደሆነ ደግሞ አብዛኛውን አውቃለሁ። አንዱን ለማዳን አሥራ ሰባት ሰው ልሸጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምክንያት ለፈሪ አያልቅበትም።

ክሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ አሥራ ሰባቱም አስተያየቶች ከሥሩ ተዘርዝረዋል። በመስኮቴ አየኋቸው። ሰው ይመጣል፣ ከላይ ጀምሮ ያነባል፣ አንዱ መስመር ላይ ሲደርስ ዓይኑ ይቆማል፤ ከዚያ አንገቱን አስግጎ ዙሪያውን ያይና ይሄዳል። የትኬት ሽያጭ ኃላፊዋ እንዲያ አደረገች። ዘበኛው እንዲያ አደረገ። ሁለት ሹፌሮች አብረው መጥተው፣ አንዱ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ሌላው ዘጠነኛው ላይ ቆመው፣ ሳይተያዩ ተለያዩ። የገዛ ሐሳባቸው በሌላ ሰው ስም ተከሶ ቆሟል፤ አንድም ድምፅ አልተሰማም።

ክላክስ ወደ ቢሮዬ መጣ። «የኔ ልጅ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ ምን ብለው እንደከሰሱኝ አንብቢልኝ» አለ። ክላክስ መነጽር ኖሮት አያውቅም። የፈቃድ ቅጹን ሁልጊዜ የምሞላለት እኔ ስለሆንኩ ፊደል እንደማይለይ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። በሩን ዘግቼ አነበብኩለት።

ይናደዳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ገና ሁለተኛው ላይ ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የዘበኛው ጣሪያ አይደለም? ይሄኛው ደግሞ... ይሄ ያ ዝምተኛው ሹፌር ነው! ከንፈሩን እንኳ ሲያላቅቅ አይቼው አላውቅም!» አለ። እንደዚያ አጥቤ ያሰጣሁትን ቃል ከነባለቤቱ አንድ በአንድ ለየው። ስጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አሥራ ሰባት ሰው!» አለኝ። «እኔ እኮ ብቻዬን ያበድኩ መስሎኝ ነበር። ሳወራ ሁሉም አቀርቅሮ ሲያልፍ፣ አንተ ሰውዬ ምን ቸግሮህ ነው እል ነበር ራሴን።»

«ጋሼ» አልኩት፣ «መጻፍ እንደማትችል ንገራቸው። ደቂቃ አይፈጅም፤ ነፃ ትወጣለህ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆቼ አያውቁም» አለ። «ማታ ማታ ደብተራቸውን እያገላበጥኩ 'ጎበዝ' እላለሁ። ደግሞስ፣ እኔ አይደለሁም ካልኩ ማንን ሊፈልጉ ነው? አሥራ ሰባቱን ነዋ። ተዪው።» እኔም ተውኩት።

ክሱ በታየበት ጉባኤ ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ «ይህ ሐሳብ ያንተ ነው?» ብለው ጠየቁት። ክላክስ ቱታውን አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። «ሐሳቡ የኔ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ስናገረው የኖርኩት ነው። ትሕትናው ግን የኔ አይደለም» አለ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ፈገግ አሉ።

ከዚያ እስከ ዛሬ የማሰላስለውን ነገር ተናገሩ። «ስሕተት መሥራት አልፈልግም። አንድ ወር ከሥራ ታግደህ ትቆያለህ። ግቢው ውስጥ አትገባም። አንተ በሌለህበት ወር ሳጥኑ ውስጥ አንዲት አስተያየት እንኳ ከተገኘች፣ ጸሐፊው አንተ ብቻ አይደለህም ማለት ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ እመልስሃለሁ። ካልተገኘች ትሰናበታለህ።» ይሄም ተተይቦ በሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የተየብኩት እኔ ነኝ።

ክላክስ ሲወጣ በሩ ላይ አግኝቶኝ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «አንዲት ብቻ ነው ያሉት! አሥራ ሰባት ናቸው እኮ! አታስቢ» አለኝ። እየሳቀ ሄደ።

በዚያ ወር ግቢው ጸጥ አለ። ከአውቶቡስ ሥር የሚወጣው የመፍቻ ድምፅ ብቻ ነው። በሻይ ክበቡ ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። «ወጥመድ ነው» አለች የትኬት ሽያጭ ኃላፊዋ፣ «ቀጣዩን ሰው ሊይዙበት ነው።» «መቼ ያሉትን አድርገው ያውቃሉ?» አለ አንዱ ሹፌር። ዘበኛው ደግሞ «ሳጥኑን የሚጠብቅ ሰው አስቀምጠዋል አሉ» አለ፤ ሳጥኑን የሚጠብቀው እሱ ራሱ መሆኑን ረስቶት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አለማመን እንዴት ምቹ ነገር ነው! ያስቀምጥሃል፣ ብልህም ያስመስልሃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ሃምሳውም ሌላው ይሸከማል ብሎ ባዶ እጁን ሲመጣ ምን እንደሚሆን ግን የተረተ የለም።

እኔስ? እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ቁልፉ እጄ ነበር። ልቤን ጥዬ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። ሰው ከጻፈ እሰየው፤ ካልጻፈም በወሩ መጨረሻ እንደ ልማዴ ብቻዬን ከፍቼ፣ ቢሮዬ ገብቼ፣ አንዲት አስተያየት ከራሴ ፈጥሬ እተይባለሁ። «በትሕትና አሳስባለሁ» የማትል አንዲት ቆንጆ ስድብ። ምን እንደምልም አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀት አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ልጨምር ብዬ ግን አንድም ቀን አልሄድኩም። ምን አጣደፈኝ?

የመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ። ያን ግቢ በእግራቸው ሲያቋርጡ አይቼ አላውቅም። ሠራተኛው እንዲሰበሰብ አስደረጉ። «ማንም ሰው በኋላ 'ደበቁት' እንዳይለኝ እዚሁ፣ በሁላችሁም ፊት ይከፈት» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ቁልፉን አዙሬ ከፈትኩት።

ባዶ ነበር። ውስጡ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ማዕዘኖቹን ዳበሱ፤ አንዴ፣ ደግመው። የእህቴ ልጅ ይሄን ስነግራት «ወጥመድ ነበር፤ አትሞኚ» ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያቺን እጅ አይቻታለሁ፤ የሆነ ነገር ማግኘት የምትፈልግ እጅ ነበረች። እጃቸውን አወጡ፣ በመሐረብ ጠረጉ፣ «እንግዲያው አንድ ሰው ነበር» አሉና ተመለሱ። ሰዉ ግን አልተበተነም። ሁሉም ቆሞ የሌላውን ፊት ያያል፤ 'አንተ አልጻፍክም እንዴ?' የሚል ነበር የሁሉም ዓይን። እያንዳንዱ አሥራ ስድስቱን ተማምኖ ነበር።

ክላክስ ከበሩ ማዶ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ያችኑ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሥራ ቱታውን በፌስታል ይዟል። ዘበኛው ሊነግረው አልደፈረም፤ ማንም አልደፈረም። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። በበሩ ክፍተት የቆሙት ሰዎች ያዩናል።

«ስንት ሆኑ?» አለኝ፤ ገና ሳልደርስ።

እግዜር ይይልኝ፣ እውነቱን ልነግረው ነበር የሄድኩት። ፊቱን ሳይ አልቻልኩም።

«ሃያ ሦስት» አልኩት።

«ሃያ ሦስት!» ሁለት እጁን መላጣው ላይ ጫነ። «በስድስት ጨመሩ! እና ምን አሉ ታዲያ?»

«አይቆጠርም አሉ። ቀዳደው ጣሉት።»

ከልቡ ሳቀ። «አውቄ ነበር! አላልኩሽም? እነሱን እኮ አውቃቸዋለሁ! መሥሪያ ቤት ምን ጊዜም መሥሪያ ቤት ነው። ሰዉን ግን አየሽው? ሰዉን አየሽልኝ?»

«አየሁት፣ ጋሼ» አልኩ።

ፌስታሉን ለእኔ አስያዘኝና ወደ በሩ አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በዚያ ከአውቶቡስ ሥር በሚወጣው ድምፁ ጮኸ፦

«ሃያ ሦስታችሁንም እግዜር ይስጣችሁ! ወንድሞቼ! እህቶቼ! ይሄን ውለታ ለልጆቼ ነው የምነግረው!»

በሩ ላይ የቆሙት ሰሙት። የትኬት ሽያጭ ኃላፊዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዝምተኛው ሹፌር አቀረቀረ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ እኔ አዩ፤ ሃያ ሦስት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ገብቷቸዋል። ዘበኛው ቀስ ብሎ እጁን አነሳና ለክላክስ አወዛወዘለት። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ግቢው ሙሉ እጅ ሆነ። «ውሸቷን ነው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።